ኒቲኖል ሽቦ ስጎትት፣ ሳሞቅ፣ ስለካ፦ ከመጎተቻ ማሽን እስከ ችግኝ ሳጥን

ዓላማው

ጓሮ ውስጥ የችግኝ ሳጥን አለኝ። ፍሬሙ እንጨት፣ ላዩ ፕላስቲክ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሲመታው ውስጡ 40 ዲግሪ ይደርሳል፣ ማታ ደግሞ የአዲስ አበባ ብርድ ነው። ሲሞቅ መስኮቱን የሚከፍት፣ ሲቀዘቅዝ የሚዘጋ ነገር እፈልጋለሁ። ሞተር፣ ባትሪና ሴንሰር የሌለው፣ አንድ ሞላ ብቻ የሚሠራው።

ይህን የሚችለው ኒቲኖል ነው። ኒኬልና ታይታኒየም በአተም ብዛት ግማሽ በግማሽ ገደማ የተቀየጡበት ነው። ሲቀዘቅዝ ብታጣምመው ተጣሞ ይቀራል፣ ስታሞቀው ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል። ቪዲዮዎቹ ሁሉ የሚያሳዩት የተጣመመ ሽቦ ሙቅ ውሃ ውስጥ ገብቶ ቀጥ ሲል ነው። ማየቱ ደስ ይላል። ለእኔ ሥራ ግን አይበቃም። ሞላ ልሠራ ከሆነ ስንት ግራም እንደሚጎትት፣ ስንት በመቶ ተለጥጦ እንደሚመለስ፣ ጭነት ተሸክሞ እያለ በስንት ዲግሪ እንደሚነሳ ማወቅ አለብኝ። ስለዚህ መጀመሪያ መጎተቻ ማሽን።

መጎተቻው

ፍሬሙ ከወዳደቀ አንግል ብረት ነው፣ ብየዳውን ሰፈር አሠራሁ። ቆሞ ነው የሚሠራው። ከታች ቋሚ መያዣ፣ ከላይ ባለ ጥርስ ዘንግ፣ በመካከል እስከ 5 ኪሎ የሚለካ ሎድ ሴል፣ ማለትም የኃይል መለኪያ። ዘንጉ ኤም 6 ነው፣ ማለትም 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ በአንድ ዙር 1 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። በመያዣዎቹ መካከል ያለው ሽቦ ሁልጊዜ 100 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ወሰንኩ። ስለዚህ አንድ ዙር ማለት አንድ በመቶ መለጠጥ ነው። ሒሳቡ ቀለለ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ዘንጉን በእጀታ ማዞር ነበር። ችግሩ ዘንጉ ሲዞር ሽቦውም አብሮ ይጠመዘዛል። ቶርኖ ቤት ሄጄ መሃሉ ላይ ኩሽኔታ እንዲገባልኝ ስጠይቅ ባለሙያው ስዕሉን አየና «ልጄ፣ ዘንጉን ለምን ታዞራለህ? ዘንጉን አስረህ ዳዶውን አዙር» አለኝ። «እውነትዎን ነው ጋሼ» አልኩ። ዘንጉ ላይ በጎን አንድ ፒን ገባ፣ ፒኑ በተሰነጠቀ ላሜራ ውስጥ ይንሸራተታል፣ ዳዶው ብቻ ይዞራል። ኩሽኔታ ሳያስፈልግ አለቀ። የወሰደብኝም የቡሎንና የፒን ዋጋ ብቻ ነው።

ሎድ ሴሉና ኤችኤክስ711 የሚባለው የሲግናል ማጉያ ሰሌዳ አንድ ላይ 1,500 ብር ገደማ፣ ንባቡን የሚቀበለው አርዱዊኖ (በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ ሰሌዳ) 2,000 ብር አካባቢ ነበር። ካሊብሬሽኑን፣ ማለትም ንባቡን ከታወቀ ክብደት ጋር ማስተካከሉን፣ በውሃ ሠራሁ። ጠርሙስ ባዶውን መዝኜ፣ ውሃ እየጨመርኩ በኩሽና ሚዛን እያየሁ፣ ግማሽ ኪሎ፣ 1 ኪሎ፣ 2 ኪሎ ሰቀልኩበት። ንባቡ ቀጥ ያለ መስመር ሰጠ። ሎድ ሴሉ ራሱም በጭነት ትንሽ ይጎብጣል። እሱን ለይቼ ለክቼ ከርዝመት ንባቡ እቀንሳለሁ። ያን ካልቀነስኩ ሽቦው ያልተለጠጠውን ተለጠጠ ይለኛል።

ኃይሉን ወደ ውጥረት (ኃይሉ ለሽቦው የመስቀለኛ ስፋት ሲካፈል፣ በሜጋ ፓስካል የሚለካ) የምቀይረው በሽቦው ውፍረት ነው። 0.25 ሚሊ ሜትር ሽቦ ላይ 1 ኪሎ ሲሰቀል 200 ሜጋ ፓስካል ይሆናል። 0.305 ሚሊ ሜትር ላይ 134። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ፍሬሙ ላይ በማርከር ጽፌአለሁ።

መያዣው

ከሁሉም ያስቸገረው ይህ ነው። ሽቦውን በሁለት ሮንዴላ መካከል አድርጌ በቡሎን አጠበቅኩት። ሾለከ። ይበልጥ አጠበቅኩ፣ ሮንዴላው ጠርዝ ላይ ተቆረጠ። የኒቲኖል ገጽ በታይታኒየም ኦክሳይድ የተሸፈነ ስለሆነ ያዳልጣል፣ የተጨመቀበት ቦታ ደግሞ መሰበሪያው ይሆናል። በቆርቆሮ (በሶልደር) ልበየድህ ብትለውም በተራ ፍለክስ (የመበየጃ ማጽጃ ቅባት) አይያዝም፣ ቆርቆሮው ተንከባሎ ይወርዳል።

የሠራው ዘዴ ቀላል ነው። ሽቦውን 8 ሚሊ ሜትር ለስላሳ ፒን ላይ ብዙ ጊዜ መጠምጠም፣ ከዚያ ጫፉን ብቻ በቪቴ መያዝ። ጭነቱን የሚሸከመው ጥምጥሙ ላይ ያለው ሰበቃ ነው፣ ቪቴው የሚያየው ጥቂት ግራም ነው። ፒኑ ከዚህ ቢቀጥን ሽቦው ፒኑ ላይ ሲታጠፍ ብዙ ይጎዳል። በዚህ ዘዴ የርዝመቱ መነሻ ትንሽ ግልጽ አይሆንም፣ ምክንያቱም ጥምጥሙ ላይ ያለው ሽቦም ትንሽ ይለጠጣል። ስለዚህ ሽቦው ላይ ሁለት ቀለም ነጥቦች አድርጌ በነጥቦቹ መካከል ያለውን በካሊፐር አመሳክራለሁ።

የጥርስ ሐኪሙ ሽቦ

ጥርስ የሚያስተካክል ሐኪም ጓደኛ አለኝ። ቀጥ ብሎ የሚሸጠውን 0.012 ኢንች፣ ማለትም 0.305 ሚሊ ሜትር ኒቲኖል ሰጠኝ። ጥርስ ላይ የሚታሰሩት ሽቦዎች ብዙዎቹ ከዚህ ናቸው። ይሄኛው ዓይነት ሱፐርኢላስቲክ ይባላል። በክፍል ሙቀት ብታጣምመው ራሱ ይመለሳል፣ ማሞቅ አይፈልግም።

ክፍሉ 20 ዲግሪ ነበር። የመጀመሪያው ዙር ላይ ኃይሉ ቀጥ ብሎ ወጣ፣ እስከ 2.6 ኪሎ። ከዚያ ቆመ። ዳዶውን አዞራለሁ፣ ሽቦው ይረዝማል፣ ንባቡ እዚያው 2.6 አካባቢ ነው። 2 በመቶ፣ 3 በመቶ፣ 5 በመቶ። ብረት የለመደ እጅ «አሁን ሊበጠስ ነው» ብሎ ይጠብቃል። ተራ የብረት ሽቦ ሳይጎዳ የሚለጠጠው ከግማሽ በመቶም በታች ነው። ይሄ 6 በመቶ ላይ ደርሶ ምንም አልሆነም። ወደ ኋላ ሳዞር ኃይሉ በመጣበት መንገድ አልተመለሰም። በፍጥነት ወደ 1.1 ኪሎ ወረደ፣ እዚያ ረግቶ ቆየ፣ መጨረሻ ላይ ዜሮ ሆነ። በሽቦው ላይ የቀረው ርዝመት በካሊፐሬ ለመለየት የሚያስቸግር ነው።

ውስጡ የሚሆነው እንዲህ ነው። በሙቀት ጊዜ አተሞቹ ኪዩብ ሆነው ይደረደራሉ፣ ይህ ኦስተናይት ነው። ሲቀዘቅዝ ኪዩቡ ይዘምምና ማርተንሳይት ይሆናል። የሚዘምመው ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይደለም። አንዱ ንብርብር ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩ ወደ ግራ ይሆናል፣ ስለዚህ ከውጭ ሲታይ ሽቦው ቅርጹን አይለውጥም። ስትጎትተው ንብርብሮቹ ወደ አንድ ጎን ይዞራሉ፣ እንደ ተጣጠፈ ወረቀት ይዘረጋል። አተም ከጎረቤቱ አይለያይም። ለዚህ ነው የሚመለሰው። ተራ ብረት ከመጠን በላይ ሲጎተት ግን አተሞቹ ንብርብር በንብርብር ተንሸራተው ጎረቤት ይቀይራሉ፣ መመለሻ መንገድ የላቸውም።

የጓደኛዬ ሽቦ በ20 ዲግሪ ኦስተናይት ነው። ማርተንሳይት ያደረገው ብርድ ሳይሆን የእኔ ጉተታ ነው። ጉተታው ሲለቅ ማርተንሳይቱ መቆም ስለማይችል ወደ ኦስተናይት ይመለሳል። ያ 2.6 ኪሎ ላይ የረጋው መስመር የለውጡ መስመር ነው። በመጎተቻና በመልቀቂያ መስመሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ሂስቴሬሲስ ይባላል፣ ወደ ሙቀት ተለውጦ የሚጠፋው ጉልበት ነው።

ሙቅ ውሃ፣ በረዶ ውሃ

ሽቦው ዙሪያ የፕላስቲክ ቱቦ አለበስኩት፣ ታቹን በሲሊኮን ዘጋሁት። ትንሽ ያንጠባጥባል፣ ሥር ጣሳ አስቀመጥኩ።

40 ዲግሪ ውሃ ሞላሁ። የመጎተቻው መስመር ከ2.6 ወደ 3.6 ኪሎ ወጣ። የመመለሻውም ከ1.1 ወደ 2.1። በ20 ዲግሪ ልዩነት 1 ኪሎ ተጨመረ፣ ማለትም 134 ሜጋ ፓስካል። ለአንድ ዲግሪ 6.7 ሜጋ ፓስካል። ለኒቲኖል በመጻሕፍት የሚሰጠው ከ6 እስከ 8 ነው፣ ስለዚህ ማሽኑን አመንኩት። ለጥርስም ትርጉም አለው። አፍ ውስጥ ሙቅ ሻይ ሲገባ ሽቦው ጥርሱን ይበልጥ ይጫናል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሲገባ ይለዝባል።

ከዚያ በረዶ ያለበት ውሃ። በሒሳቡ የመጎተቻው መስመር 1.6 ኪሎ፣ የመመለሻው ደግሞ 0.1 ኪሎ መሆን አለበት፣ ማለትም ከዜሮ ጋር የሚነካካ። ጎተትኩ፣ 1.6 አካባቢ ረጋ። ለቀቅኩ፣ ኃይሉ ወደ ዜሮ ወረደ፣ ሽቦው ግን ተለጥጦ ቀረ! ለዓመታት «ሁለት ዓይነት ኒቲኖል አለ፣ አንዱ ሱፐርኢላስቲክ፣ ሌላው ቅርጽ አስታዋሽ» እየተባለ ሲነገር ሰምቼአለሁ። እዚህ አንድ ሽቦ ነው፣ ልዩነቱ ውሃው ብቻ። የበረዶውን ውሃ አፈሰስኩ፣ የክፍሉ ሙቀት ሲደርሰው ዓይኔ እያየ አጥሮ ዳዶው ጋ ያለውን ልቅነት ሞላው። ይህን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፣ አይሰለቸኝም።

ሙሉው ነገር እዚህ ውስጥ ነው ያለው ብዬ አምናለሁ። ውጥረትና ሙቀት አንዱ በሌላው የሚከፈል ነገር ነው። ብትጎትተው የቀዘቀዘ ያህል ወደ ማርተንሳይት ይሄዳል። ብታሞቀው ለመጎተት የሚያስፈልገው ኃይል ይጨምራል። ከዚህ በኋላ ያደረግሁት ሁሉ በዚህ ነው የተመራው።

አንድ ነገር እጨምራለሁ፣ ወጪ የለውም። ሽቦውን በሁለት እጅ ያዝና በፍጥነት ለጥጠህ ከንፈርህ ላይ አድርገው። ይሞቃል። ለጥጠህ ትንሽ ቆይና፣ ለቀህ ወዲያው አስነካው። ይቀዘቅዛል፣ በግልጽ። ወደ ማርተንሳይት ሲለወጥ ሙቀት ያወጣል፣ ሲመለስ ይወስዳል። በቴርሞካፕል (በሽቦ ጫፍ ሙቀት የሚለካ መሣሪያ) ልለካው ሞከርኩ፣ የቴርሞካፕሉ ጫፍ ከሽቦው ስለሚወፍር ሙቀቱን ራሱ ይጠጣዋል። ከንፈር ይሻላል። በማሽኑም ይታያል። ዳዶውን በዝግታ ሳዞር መስመሩ ዝርግ ነው፣ በፍጥነት ሳዞር ሽቦው በራሱ ሙቀት ስለሚሞቅ መስመሩ ወደ ላይ ያዘነብላል። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ከእያንዳንዱ ሩብ ዙር በኋላ ቆሜ ነው የማነበው።

የ90 ዲግሪው ሽቦ

የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ ይዛልኝ መጣች። 0.25 ሚሊ ሜትር፣ ለመጎተቻ ሥራ ተብሎ የሚሸጥ፣ የ90 ዲግሪ ዓይነት፣ ማለትም በ90 ዲግሪ አካባቢ የሚነሳ። ጥቂት ሜትሩ 30 ዶላር አካባቢ ነበር። የአምራቹ ሠንጠረዥ 891 ግራም ይጎትታል፣ በሜትር 18.5 ኦም ነው፣ በ1 ሴኮንድ ለመሳብ 1.05 አምፔር ይፈልጋል ይላል።

ይሄኛው በክፍል ሙቀት ማርተንሳይት ነው። ስጎትተው ግማሽ ኪሎ ሳይሞላ መለጠጥ ጀመረ፣ 4 በመቶ አደረስኩት። ስለቀው ትንሽ ብቻ መለሰ፣ ሌላው ቀረ። ለስላሳ ነው፣ እንደ መዳብ ሽቦ ይታጠፋል። ኤሌክትሪክ ስሰጠው ተመለሰ።

ለኤሌክትሪኩ የአሮጌ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ በቂ ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ሽቦ 5.5 ኦም ገደማ ነው፣ 5 ቮልት ሲሰጠው 0.9 አምፔር ይሆናል። ጫፎቹ ላይ ለኬብል የሚጨመቀውን የመዳብ ቱቦ በፒንሳ ጨምቄ ገመድ አያያዝኩ። ሽቦው ቱቦው ውስጥ እጥፍ ብሎ ካልገባ ይሾልካል።

አሁን ጭነት። 850 ግራም ሰቀልኩበት፣ 170 ሜጋ ፓስካል ማለት ነው። ኤሌክትሪክ ሲገባ ጭነቱን ወደ 12 ሚሊ ሜትር አነሳው፣ 4 በመቶ። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ጭነቱ ራሱ መልሶ ለጠጠው። ያለ ጭነት ሽቦው አጥሮ ይቀር ነበር፣ መልሶ የሚለጥጠው ነገር ሁልጊዜ ያስፈልጋል። ክብደት ወይም ተራ ሞላ። የማንሳቱ ፍጥነት በአምፔር ይስተካከላል፣ የመውረዱ ፍጥነት ግን አየሩ እንዳቀዘቀዘው ነው። ትንሽ ማራገቢያ ሳዞርበት በጣም ፈጠነ።

ለምን የፈላ ውሃ አልበቃም

ያለ ኤሌክትሪክ እንዲሠራ ስለምፈልግ የፈላ ውሃ ሞከርኩ። ረጅም ድስት፣ ውስጡ ሽቦውን ከታች የሚይዝ ዘንግ፣ ከላይ ፑሊ፣ ከዚያ ጭነቱ። ጭነት ሳይኖር፣ የተለጠጠው ሽቦ የፈላ ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ተመለሰ። 850 ግራም ሲሰቀልበት ግን ትንሽ ከፍ አደረገውና ቆመ። ውሃው እየፈላ ነው፣ ሽቦው ሥራውን አልጨረሰም።

ምክንያቱ ሁለት ነው፣ ሁለቱም ተደራርበው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቪዲዮ የሚሠሩት ሰዎች ውሃ 100 ዲግሪ ነው። ሁለተኛው ጭነቱ ነው። 170 ሜጋ ፓስካል ለ6.7 ሲካፈል 25 ዲግሪ ይሆናል። ጭነት የተሸከመ ሽቦ ለመመለስ ያን ያህል ተጨማሪ ሙቀት ይጠይቃል።

ይህን ለማረጋገጥ ውሃውን በምግብ ዘይት ቀየርኩ። ዘይቱን ቀስ በቀስ ሳሞቅ 110 ዲግሪ ሳይደርስ ጭነቱ ሙሉ በሙሉ ተነሳ። ጭነቱን ወደ 400 ግራም ስቀንስ ደግሞ ቀደም ብሎ ተነሳ። ሙቅ ዘይት ላይ ክብደት መስቀል አደገኛ ስለሆነ ጭነቱን ከድስቱ ውጭ በፑሊ አወረድኩት፣ ቢበጠስም መሬት ላይ እንዲወድቅ።

ሲታፈንስ?

አንድ ቁራጭ ለመሥዋዕት መደብኩ። 4 በመቶ ለጥጬ ሁለቱንም ጫፍ አሰርኩ፣ ማጠር እንዳይችል። ከዚያ ኤሌክትሪክ። ንባቡ 1 ኪሎ አለፈ፣ 1.5፣ 2 ኪሎ። 2 ኪሎ ማለት 400 ሜጋ ፓስካል ነው፣ ፀጉር ከምታህል ሽቦ። እዚያ ላይ አቋረጥኩ። አውሮፕላን ውስጥ የሃይድሮሊክ ቱቦዎችን ለማጋጠም የተጠቀሙት ይህንኑ ኃይል ነው። በኤፍ 14 ተዋጊ ጄት ላይ የኒቲኖል ቀለበት በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀዝቅዞ ተለጥጦ ቱቦዎቹ ላይ ይገባና፣ ሲሞቅ አንቆ ይይዝ ነበር። ብየዳ አያስፈልግም ነበር።

የታፈነው ቁራጭ ግን ተጎዳ። በኋላ 850 ግራም ስሰቅልበት የሚያነሳው ርቀት ከሌሎቹ ያነሰ ሆነ፣ ቀዝቅዞም ከመነሻው በላይ ረዘመ። ያ ሁሉ ውጥረት ኦስተናይቱን ራሱን ማንሸራተት ጀምሮ ነበር ማለት ነው። አንዴ የተንሸራተተው አይመለስም።

ድግግሞሽ

ለአርዱዊኖው ሞስፌት (ኤሌክትሪኩን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ጨምሬ ሌሊቱን ሙሉ እያበራ እያጠፋ እንዲያሠራው አደረግሁ። በ850 ግራም ሽቦው መጀመሪያ ላይ በየዙሩ ጥቂት ይረዝማል፣ ከዚያ ይረጋል። በ1.3 ኪሎ ግን መርዘሙ አይቆምም፣ ይቀንሳል እንጂ ሁልጊዜ አለ። ለአንድ ጊዜ ሥራ 8 በመቶ ድረስ መሄድ ይቻላል። በየቀኑ ለሚሠራ ነገር 3 እና 4 በመቶ ላይ መቆም፣ ውጥረቱንም አምራቹ ካለው አለማሳለፍ። እንዲህ ያለ ገደብ ሲጻፍ ለጥንቃቄ ይመስላል፣ ግራፉ ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሞላው

የ90 ዲግሪው ሽቦ ለሳጥኔ አይሆንም። እኔ የምፈልገው 30 ዲግሪ አካባቢ የሚነሳ ነው። የጥርሱ ሽቦ ደግሞ ከ20 በታች ነው። መሃል ላይ ያለ መግዛት ይቻላል፣ ግን የጥርሱን ሽቦ በሙቀት ማሻሻል ይቻላል፣ ርካሹም እሱ ነው።

ምስጢሩ ኒኬሉ ነው። የጥርሱ ሽቦ ከግማሽ ትንሽ በዛ ያለ ኒኬል አለው። ከ50 ወደ 51 በመቶ ኒኬል ሲኬድ የለውጡ ሙቀት ከ100 ዲግሪ በላይ ይወርዳል። ቅይጡን ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ድረስ ለረጅም ጊዜ ካቆዩት ትርፉ ኒኬል ተለይቶ ጥቃቅን ቅንጣት ይሠራል። የቀረው ክፍል ኒኬሉ ስለሚቀንስ የሚለወጥበት ሙቀት ከፍ ይላል። ሽቦውን ማብሰል ልንለው እንችላለን።

ወፈር ያለውን ወሰድኩ፣ 0.020 ኢንች፣ 0.5 ሚሊ ሜትር። 5.5 ሚሊ ሜትር የብረት ዘንግ ላይ 20 ጊዜ ጠቅልዬ ጫፎቹን በቪቴ አሰርኩ። ማሰሩ ጥብቅ ካልሆነ እሳቱ ውስጥ ይፈታል። የኤሌክትሪክ ምጣድ እዚህ ሙቀት ላይ አይደርስም፣ ከሰል ደግሞ አይገታም። ሴራሚክ የሚሠራ ጓደኛዬ ምድጃ ውስጥ፣ ቴርሞካፕሉን ዘንጉ ጋ አስጠግቼ፣ በ450 ዲግሪ 1 ሰዓት አቆየሁት። ከዚያ ወዲያው ውሃ ውስጥ። ገጹ ወርቃማ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። ከዘንጉ ስፈታው ጥምጥሙ እንደ ታሰረ ቀረ።

ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስጎትተው ለስላሳ፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ጠንካራ። ማብሰሉ ሠርቷል። 40 ግራም ሰቅዬ ውሃውን ቀስ በቀስ ሳሞቅ 31 ዲግሪ አካባቢ ተሰብስቦ ክብደቱን ወደ 2 ሴንቲ ሜትር አነሳ። ሳቀዘቅዘው በ27 ዲግሪ ለቀቀው።

ይሄ 4 ዲግሪ ልዩነት አስገረመኝ። የ90 ዲግሪው ሽቦ ለመመለስና ለመለቀቅ ከ20 ዲግሪ በላይ ልዩነት ነበረው። ያን ያህል ቢሆን መስኮቴ ቀን ተከፍቶ ማታም ላይዘጋ ነው። ምክንያቱ እንዲህ የበሰለ ቅይጥ ሲቀዘቅዝ በቀጥታ ማርተንሳይት አይሆንም፣ መጀመሪያ አር-ፌዝ የሚባል መካከለኛ መዋቅር ውስጥ ይገባል። በዚህ ለውጥ የሚገኘው መለጠጥ ትንሽ ነው፣ 1 በመቶም አይሞላም፣ ግን ሂስቴሬሲሱ ጠባብ ነው፣ ድግግሞሽም ይችላል። የሙቀት መቆጣጠሪያ ሞላዎች በዚህ የሚሠሩት ለዚህ ነው። ሽቦው 1 በመቶ እንኳ ባይለጠጥ፣ 20 ጥምጥም ሲደመር 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

መስኮቱ

ሞላው ሳጥኑ ውስጥ ከላይኛው እንጨት ተሰቅሏል፣ ፀሐይ በቀጥታ እንዳታየው በካርቶን ጋርጄዋለሁ። አለበለዚያ የሚለካው የራሱን ሙቀት እንጂ የአየሩን አይሆንም። ታቹ በክር፣ በፑሊ አልፎ ከመስኮቱ ጠርዝ ጋር ይገናኛል። መስኮቱ የራሱ ክብደት ሞላውን ይጎትታል። ሲሞቅ ሞላው ይሰበሰባል፣ መስኮቱ ይነሳል። ሲበርድ ሞላው ይለዝባል፣ መስኮቱ ይወርዳል።

በጣም የወደድኩት ማስተካከያው ነው። በስንት ዲግሪ እንደሚከፈት ለመቀየር ሞላውን እንደገና ማብሰል አያስፈልግም። ጭነት መጨመር ነው። መስኮቱ ጠርዝ ላይ ዳዶ እየጨመርኩ ለካሁት። 40 ግራም ላይ 31 ዲግሪ፣ 60 ላይ 33፣ 80 ላይ 35 አካባቢ። 10 ግራም 1 ዲግሪ። በበረዶ ውሃ ያየሁት ነገር ነው፣ እዚህ ጥቅም ላይ ዋለ። ውጥረቱ ሲጨምር የመመለሻው ሙቀት ይጨምራል። ቴርሞስታቱን የማዞረው በዳዶ ነው ማለት ነው።

ከ80 ግራም በላይ አልሄድኩም። ሞላው ቀዝቅዞ ሲወርድ ጥምጥሙ ከመጠን በላይ ይከፈታል፣ ለዚያም መስኮቱ ሥር እንጨት አድርጌ የመውረጃውን ርቀት ገደብኩት። ሌላ ያጋጠመ ችግር ንፋስ ነው። መስኮቱ ቀላል ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ገልብጦ ሞላውን በኃይል ጎተተው። አሁን መስኮቱን ከላይም የሚይዝ የላሜራ ማገጃ አለው።

ቲማቲሙና ቃሪያው ውስጥ ናቸው። እኩለ ቀን ላይ ቴርሞሜትሩ 33 እና 34 መካከል ይውላል፣ ቀድሞ 40 ይደርስ የነበረው ነው። ለሁለተኛው ሳጥን መስኮቱ ሰፊ ስለሚሆን ሁለት ሞላ ጎን ለጎን አደርጋለሁ፣ ከአንድ ዘንግ ላይ፣ በአንድ ጊዜ የበሰሉ። ለየብቻ ቢበስሉ የሚነሱበት ዲግሪ ይለያያል፣ መጀመሪያ የነቃው የሁለቱንም ጭነት ይሸከማል። 0.5 ሚሊ ሜትሩ ሽቦ ለሁለቱም ይበቃል፣ ምድጃው ነፃ ሲሆን ይገባል።